የቦጋለች ኩሬና ነጩ ዱቄት

ዋሴ ኩሬውን የቆፈረው በሦስት በጋ ነው። በመጀመሪያው በጋ ከቤቱ ጓሮ አፈሩን አወጣ፤ በሁለተኛው ድንጋዩን ፈንቅሎ በታችኛው በኩል ግድብ ሠራበት፤ በሦስተኛው ጥቁር ዋልካ አፈር በአህያ እያመላለሰ ወለሉ ላይ ካፈሰሰ በኋላ በሬዎቹን አስገብቶ እህል እንደሚያበራይ ሰው ሲያስረግጠው ባጀ። መንደራቸው ሾላ ገደል ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰዎቿ መሳቅ ይወዱ ነበር። «ዋሴ ባሕር ሊያበጅ ነው፤ ታንኳውን ከየት ሊያመጣው ይሆን?» ተባለ። ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ ከኮረብታው እየወረደ ኩሬውን ሲሞላው፣ ውሃውም እስከ ፋሲካ ሳይደርቅ ሲቆይ፣ የሳቁት ሁሉ እንስራቸውን አዝለው መጡ። ዋሴም ሳቃቸውን አልቆጠረባቸውም።

ሚስቱ ቦጋለች ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን እማዋይሽን አርግዛ ነበር። እማዋይሽ አድጋ ስትሮጥ አባቷ ወገቧን በመጫኛ አስሮ፣ ጫፉን ከዳር ይዞ እየሳቀ ዋና አስተማራት። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ዋሴ ለሚሊሻ ተመልምሎ ሄደ። ሁለተኛዋ ልጅ ውባለም የተወለደችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ መርዶውም ጡት ሳትጥል መጣ። ለእሷ ዋና ያስተማረቻት እህቷ ናት፤ በዚያው መጫኛ፣ በዚያው ኩሬ። ቦጋለች ከዳር ተቀምጣ ጥጧን እየፈተለች ስታያቸው አንዳንድ ቀን ሐዘኗን ትረሳው ነበር።

ከዚያ የሰባ ስድስቱ ክረምት ሳይዘንብ አለፈ። ምንጩ በጥር ደረቀ። ከብቱ መጀመሪያ ከሳ፣ ከዚያ ወደቀ። የሾላ ገደል ሰው የቀረው ውሃ ወይ ከገደሉ በታች ያለው ወንዝ ነው፣ ወይ የቦጋለች ኩሬ። ወደ ወንዙ ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በረሃብ ጉልበት ደግሞ ወርዶ መውጣት የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ ኩሬው መጣ። የእርዳታ እህል ወደሚታደልበት የሚሄደው መንገደኛም ከኮረብታው ላይ እያደረ፣ ወርዶ እየጠጣ፣ እግሩን እየታጠበ ያልፍ ነበር። ውሃ ለለመነ እምቢ ማለት በዚያ አገር ነውር ነው፤ ቦጋለችም ማንንም እምቢ አላለችም።

በየካቲት አጋማሽ በሽታው ገባ። ስሙን የሚጠራው አልነበረም። የያዘው ሰው ሩዝ የታጠበበት የሚመስል ውሃ ከላይም ከታችም ያስወጣዋል፤ ጠዋት የቆመው ማታ ይሸፈናል። እማዋይሽ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ታጭታለች፤ ሠርጓ በረሃቡ ምክንያት ለዓመቱ ተላልፎ ነው የቆየው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያዛት። ቀኑን ሙሉ የምትለው «ውሃ» ብቻ ነበር። እናቷም ከኩሬው እየቀዳች ሰጠቻት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ቦጋለች ካለቀሰች በኋላ ማሰብ ጀመረች። እሷ ነገር የምታጤን ሴት ናት። ሰው የሞተባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ በልቧ ዞረቻቸው። ከገደሉ ሥር ያሉት ሦስት ቤቶች ከወንዙ ይቀዳሉ፤ እነሱ ዘንድ የታመመ የለም። የሞቱት ሁሉ ከኩሬው የሚጠጡ ናቸው። ይህ የገባት ዕለት ለልጇ በእጇ ያጠጣቻት ምን እንደነበር አወቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ጽዋ ከፊቷ ማራቅ አቃታት።

የቀረቻት ውባለም ናት፤ የሰባት ዓመት ልጅ። ከዚያ በኋላ ሐሳቧ አንድ ብቻ ሆነ፦ ይህችኛዋን ከውሃው ማዳን።

መጀመሪያ አፈላችላት። ግን በምን? ከብቱ ስላለቀ ኩበት የለም፤ ጫካው ከተመነጠረ ቆይቷል። የአጥሩን እንጨት አነደደች፤ የጥጃውን ጋጣ አነደደች፤ ሁለት በርጩማ አነደደች። በአሥር ቀን ውስጥ፣ ለቂጣ ብቻ ከሚበቃ ጭራሮ በቀር፣ የሚነድ ነገር አለቀ። ከዚያ አሸዋና ከሰል በተበሳ ማሰሮ ላይ ደልድላ ውሃውን አጠለለችው። ጠርቶ ወረደ፤ የማሰሮው መቀመጫ ድረስ ያሳያል። ይሁን እንጂ እማዋይሽ የሞተች ዕለትም ውሃው የጠራ ነበር። ዓይኗን ማመን ካቆመች ሰንብታለች።

የዋሴ ታላቅ እህት ፈትለወርቅ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ናት። ቦጋለች አጥሩን ስላነደደችው አሁን በመካከላቸው የሚከልል ነገር አልነበረም፤ ፈትለወርቅም እንደልቧ ትገባ ነበር።

«እንዶድ ነው መድኃኒቱ» አለች። «ወንድሜ በሕይወት ሳለ ኩሬው አልቅት ቢያፈራ እንዶድ ወቅጬ በትኜበት አልቅቱ እንደ ገለባ አልተንሳፈፈም?»

«ተንሳፏል እቴ ፈትሌ። እንቁራሪቱም አብሮ ተንሳፏል።»

«እንቁራሪት ልታሳድጊ ኖሯል?»

«እንዶድ የጠጣች ሴት ምን እንደምትሆን አንቺ አታውቂም?»

በሾላ ገደል ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ ሆድ ሲገባ ግን ፅንስ ያስወርዳል፣ አንጀት ይልጣል።

«እንግዲያ ይባረካ» አለች ፈትለወርቅ። «መሪጌታን ጥሪያቸው።»

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ድጓ ወደሚመሰከርባት ቤተ ልሔም ሄደው ያስመሰከሩ ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከኩሬው ዳር ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ጸበል ያድርጉልኝ አባቴ» አለቻቸው ቦጋለች።

«ልጄ፣ ብባርከው እባርከዋለሁ። ግን ጸበል ከዓለት ሥር የሚፈልቅ፣ የሚሄድ ውሃ ነው፤ ይህ የቆመ ነው። ደግሞ አስቢው። ዛሬ እኔ ጸበል ነው ብዬ ካወጅሁ ነገ ቁስለኛውም ተቅማጥ የያዘውም ሊጠመቅበት ይመጣል። ያን ጊዜ በየትኛው አፍሽ ትከለክያለሽ?»

ቦጋለች ይህን አላሰበችውም ነበር።

«እንግዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ የማውቀው ዜማ ነው። የውሃ ነገር የሚያውቅ ካለ እሱን ጠይቂ። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም» አሉና ሄዱ።

የሚያውቀውን ያመላከታት አሚን ነው። አሚን የወገዳ ነጋዴ ነው፤ ጨውና አቡጀዲ በሁለት በቅሎ ጭኖ በየመንደሩ ይዞራል። በፊት በቅሎዎቹን ከኩሬው ያጠጣ ነበር፤ አሁን አላስጠጋቸውም።

«እህቴ ቦጋለች፣ ጤና ጣቢያው ነጭ ዱቄት መጥቶለታል» አላት። «የጉድጓድ ውሃ ይገድልበታል… ማለቴ በውሃው ውስጥ ያለውን ይገድልበታል። እኛም ሰፈር ጨምረውብናል። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ሻይ ይገማል። ግን እስካሁን እኛ ዘንድ የሞተ የለም።»

«ማህፀን ያደርቃል ይባላል፤ እውነት ነው አያ አሚን?»

«የኛይቱ ከጠጣች ወር ሆኗት ዛሬም ታስመልሳለች። ስድስተኛው ልጅ ነው መሰለኝ» አለና ሳቀ።

ቦጋለች ውባለምን ከፈትለወርቅ ዘንድ አስቀምጣ ወገዳ ወረደች። አዳነ የሚባለው የጤና ረዳት ገና ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ከበሩ ላይ ከተደረደረው በሽተኛ መካከል ቆሞ አዳመጣት።

«ዶክተር፣ ውሃ የሚያጠራ ዱቄት አለ ብለውኝ ነው።»

«ዶክተር አይደለሁም እትዬ፤ ረዳት ነኝ። ጉድጓድ ነው ወይስ ምንጭ?»

«ኩሬ ነው። ባሌ የቆፈረው።»

አዳነ ፊቱን ቋጠረ። «ኩሬ ያስቸግራል። ክፍት ነው፤ ጎርፍ ይገባዋል፤ ከብት ይገባዋል። ማፍላት ነው የሚሻለው።»

«ማገዶ ቢኖር እርስዎ ዘንድ መጥቼ አላስቸግርዎትም ነበር።»

«አሸዋስ?»

«አጥልዬዋለሁ። ጥርት ይላል። እንዶድም ሊጨመርበት ታስቦ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልሁ።»

አዳነ አሁን በደንብ አያት። «እንዶዱን እንኳን እምቢ አሉ። አሸዋው ጭቃውን እንጂ በዓይን የማይታየውን አይዝም። ስንት እርምጃ ነው ኩሬው?»

«በዋሴ እርምጃ ወይስ በኔ?»

«በእርስዎ» አለ፤ ሳቁ መጣበት።

«ርዝመቱ አሥራ አራት፤ ወርዱ ዘጠኝ። ጥልቀቱ በደጉ ዘመን እስከ አንገቴ ነበር፤ አሁን ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል።»

ከወረቀት ላይ አሰላ። በሳምንት አንድ ጊዜ አምስት ስኒ ዱቄት፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤ መጀመሪያ በባልዲ ውሃ በጥብጦ፣ አስክኖ፣ የጠራውን ከዳር እስከ ዳር መርጨት፤ በረጅም እንጨት ማማሰል፤ እስኪነጋ ማንም እንዳይቀዳ። ከብትም ሰውም እንዳይገባ አጥሩት አላት። ጠዋት ሽታው በትንሹ መሰማት አለበት፤ ካልተሰማ ውሃው አልዳነም ማለት ነው። ቃሉን አስደገማት። ከዚያ ከትልቁ በርሜል እየዛቀ ይዛው በመጣችው ትልቅ ቅል ሞላላትና አፉን በጨርቅ ወተፈው።

«ከእርጥበት ይጠብቁት» አለ። በሩ ላይ ሌላ ሕፃን ይዘው ገብተው ነበርና ሌላ ሳይናገር ሄደ።

ቦጋለች ቅሉን እንደ አራስ ልጅ በነጠላዋ አቅፋ ወጣች።

በማግስቱ ከፈትለወርቅ ጋር ኩሬውን ለማገዶ በማይሆን በርጥብ የቁልቋል እሾህ አጠሩት። በዚያው ማምሻ ዱቄቱን በጠበጠች። ሽታው ዓይኗን አስለቀሳት፤ ሌሊት ላይ ከቤቱ ውስጥ እንኳን ይሰማ ነበር። ሲነጋ አልቅቱም ትሉም ከዳር ዳር ተንሳፎ ተገኘ። የመንደሩ ሰው እንስራውን ይዞ ከእሾሁ ውጭ ቆሞ አጉረመረመ።

«ይህን ለሰው ልታጠጪ ነው ወይስ ለጠላት?» አላት ሽማግሌው ጎረቤቷ ወልደ ጊዮርጊስ። «ሰባ ዓመት ውሃ ጠጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አፍንጫ የሚይዝ ውሃ አይቼ አላውቅም።»

ቦጋለች በጣሳ ቀዳችና እፊታቸው ጠጣች፤ ከዚያ ለውባለም ሰጠቻት። ልጅቱ ፊቷን አጨማዳ ጠጣች። ሰዉም ጠጣ፤ ምን ምርጫ አለው?

በሽታው ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድም አዲስ ሰው አልተያዘም። ወልደ ጊዮርጊስ እያጉረመረመ ይጠጣል፤ ፈትለወርቅም ማንም እግሩን እንዳይነክር ከእሾሁ በር ላይ ትቀመጣለች። ውባለም አንድ ቀን በእሾሁ ቀዳዳ አጮልቃ እያየች፣ «እናቴ፣ እግሬን ብቻ» አለች።

«እግርሽንም አይሆንም።»

«እማዋይሽ እኮ ትፈቅድልኝ ነበር።»

ቦጋለች ልጅቱን አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት።

ስለ ቅሉ መናገር ያስፈልጋል። አዳነ ከእርጥበት ጠብቂው ብሏታል። በሾላ ገደል ከእርጥበት የሚጠበቅ ውድ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው፦ ከምድጃው በላይ፣ ከቆጡ ላይ። ዘር እዚያ ነው የሚሰቀለው። ጭሱ ነቀዙን ይከለክላል፤ ሙቀቱ ሻጋታውን። የቅሉም አፍ ጥብቅ ተደርጎ አይወተፍም፤ ዘር መተንፈስ አለበት፤ የታፈነ ዘር ይሞታል። እናቷ እንዲህ ነበር ያስተማረቻት፤ የእናቷም እናት። ቦጋለች የልጇን ሕይወት የያዘውን ቅል ለመጨረሻው የጤፍ ዘሯ ከሰጠችው ቦታ የተሻለ አላየችለትም። ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። ውታፉንም ላላ አደረገችው። ጠዋት ማታ ቀና እያለች ታያቸው ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሽታው ቀነሰ። በአምስተኛው እምብዛም አልነበረም። ሰዉ ደስ አለው።

«አሁንማ ውሃ ውሃ አለ» አለ ወልደ ጊዮርጊስ። «እግዜር ይስጥሽ። እኔ ድሮም ቀስ ብሎ እንደሚለመድ አውቃለሁ።»

ቦጋለች ግን ከዳር ተንበርክካ አሸተተች። ካልተሰማ አልዳነም ብሏታል። በሌላ በኩል ስታስበው ልብስ ሲቆሽሽ ነው ብዙ ሳሙና የሚፈልግ፤ የጸዳ ልብስ ጥቂት ይበቃዋል። ውሃውም ከጸዳ የሚሸትበት ምክንያት ላይኖር ይችላል። ይህን ለራሷ ነገረች። ለፈትለወርቅም ነገረች። ፈትለወርቅ፣ «አንቺ ካልሽ ነው» አለቻት፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ብላት አታውቅም።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ዝናብ ጣለ። ለእርሻ የማይበቃ፣ ለጎርፍ የሚበቃ ዝናብ። የሾላ ገደል ሰው ደጅ ወጥቶ እጁን ዘረጋ፤ ሴቶች እልል አሉ። ቦጋለች ግን ዓይኗ ኮረብታው ላይ ነበር። መንገደኛው ያደረበት፣ የታመመው የተቀመጠበት ኮረብታ ታጥቦ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ በእሾሁ ሥር ሾልኮ ኩሬው ውስጥ ገባ።

ማታውን አሥር ስኒ በጠበጠች። እጥፍ። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ የምትሸተው ጭስ ብቻ ነው። ሌላ አምስት ጨመረች። ረጨች፣ አማሰለች፣ አሸተተች። ሲነጋም ምንም የለም። ውሃውን ለውባለም አልሰጠቻትም። ሰዉንም ዛሬ ይቅርባችሁ አለች፤ ግን ዝናብ አይቶ የተደሰተ ሰው አልሰማትም። ልጅቱም ሰባት ዓመቷ ነው፤ ውሃ ይጠማታል፤ ፈትለወርቅ ቤት እንስራ ከኩሬው ተሞልቶ ተቀምጧል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውባለም አስመለሳት። ቀጥሎ ያ ሩዝ የታጠበበት የሚመስለው ውሃ መጣ።

ቦጋለች አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ልጅቱን በአንቀልባ አዘለቻት፤ ሽታው ለምን እንደጠፋ ልትጠይቅበት ቅሉን በእጇ ያዘች፤ ወጣች። ግማሽ ቀን የሚያስኬደውን መንገድ እንዴት እንደሄደችው ኋላ ሲጠይቋት ማስታወስ አልቻለችም። የምታስታውሰው ጀርባዋ ላይ የሚወርደውን ሙቅ ውሃ ነው፤ ከወገዳ ሲቃረቡ እሱም ቆመ። ውባለም ከዚያ በኋላ ውሃ አልጠየቀችም። እማዋይሽም መጨረሻ ላይ አልጠየቀችም ነበር። ቦጋለች እየሮጠች፣ «ውሃ በይኝ፤ እባክሽ ውሃ በይኝ» ትላት ነበር።

አዳነ የልጅቱን የሆድ ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆመ። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል። በደም ሥር የሚሰጠው አልቆ ነበር፤ ስኳርና ጨው የገባበት ፍል ውሃ ግን አለ። ማንኪያ ሰጣት።

«በማንኪያ፤ ቀስ እያሉ። ብታስመልስም ይስጧት። ካስቀመጣት በኋላ አንድ ኩባያ ሙሉ። ዛሬን ነገን ካላቋረጡ ትተርፋለች። ካቋረጡ አትተርፍም።»

«አላቋርጥም።»

ከዚያ ቅሉን አየው። ከፍቶ አሸተተ፤ በመዳፉ አፍስሶ ደግሞ አሸተተ።

«የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ከእርጥበት እንዳሉኝ። ከምድጃ በላይ፤ ከዘሩ ጋር።»

አዳነ ዱቄቱን ከመዳፉ አራገፈ። «ሙቀት ይገድለዋል» አለ። «አፉ ከተከፈተም ይወጣል። ይሄ አሁን ኖራ ነው። እኔ ነኝ ያልነገርሁዎት።»

ቦጋለች ማንኪያውን አላቆመችም። አንድ ማንኪያ ውባለም አፍ ውስጥ አፍስሳ እስክትውጥ ጠበቀች። ከዚያ አንድ ነገር ታያት። ሾላ ገደል አሁን በዚህ ሰዓት ከኩሬው እየቀዳ ነው። የሚቀዳውም እሷ ጠጥታ አሳይታ፣ ድኗል ብላ ስለነገረችው ነው።

«ሌላ ዱቄት ይስጡኝ።»

«ካለቀ ሦስት ቀኑ ነው። መኪና እየጠበቅን ነው።»

ብትሄድ ልጅቱ ትሞታለች። ብትቀር መንደሩ ይጠጣል። በዚህ ጊዜ ነው አሚን የውባለምን መታመም ሰምቶ ለመጠየቅ የገባው።

«አያ አሚን፣ ሂድልኝ» አለችው። «ኩሬውን እንዲያፈርሱት ንገራቸው። ግድቡን ይናዱት። ማንም እንዳይጠጣ።»

አሚን አንገቱን ነቀነቀ። «እሄዳለሁ፤ አሁኑኑ እሄዳለሁ። ግን ማን ያምነኛል? ብቸኛ ውሃችሁን አፍስሱ ብዬ እኔ፣ የወገዳ ነጋዴ? ሊወግሩኝ ይችላሉ።»

«ለፈትለወርቅ ንገራት። ወንድሟ የቆፈረው ነው። እኔ ነኝ ያልሁት በላት።»

ሄደ። ቦጋለች አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ቆይታ አንድ ማንኪያ፣ ስትሰጥ ዋለች፤ ስትሰጥ አደረች። ልጅቱ ስታስመልስ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ውባለም ዓይኗን ከፍታ፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ፣ «ውሃ» አለች። ቦጋለች የሚቀጥለውን ማንኪያ ሞልታ አጠጣቻት።

በሦስተኛው ቀን አዘለቻት። አዳነ እስከ በሩ ሸኛቸው።

«አሥር ቀን ካልፈላ ውሃ በስተቀር… ማለቴ የፈላ ብቻ» አለ፤ ድካም ምላሱን አስሮታል። «ሌላ ከጠጣች አሁን አትችለውም።»

«የፈላ ብቻ» ብላ ደገመችለት።

ሾላ ገደል ስትደርስ ኩሬው አልነበረም። ግድቡ በታችኛው በኩል ሰው በሚያሳልፍ ስፋት ተንዷል፤ ወለሉ ላይ የቀረው ጭቃ በፀሐይ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ሴቶች ከታች፣ ዝናቡ ካራሰው የፈፋ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ እየማሱ በጣሳ ይቀዳሉ። ፈትለወርቅ ከተናደው ግድብ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ በዶማ ተልጠዋል። ልጅቱን ከእናቷ ጀርባ ላይ ስታይ ተነሣች፤ እግሯን ዳሰሰቻት።

«አሚን ተናገረ፤ ማን ይስማው» አለች ከዚያ። «እብድ ነው አሉት። እኔ ግን አሰብሁት። ቦጌ ኩሬውን ለማዳን ቢሆን ልትዋሽ ትችላለች፤ ኩሬውን ለማጥፋት ግን አትዋሽም አልሁ። ዶማ አነሣሁ።»

«እቴ ፈትሌ…»

«ወልደ ጊዮርጊስን ትናንት ቀበርነው። ሌላ ሁለት ተኝተዋል።»

ቦጋለች ከመሬቱ ላይ ቁጭ አለች። አሁንማ ውሃ ውሃ አለ ያላት ሽማግሌ። እግዜር ይስጥሽ ያላት። ፈትለወርቅ ካጠገቧ ተቀመጠች። ብዙ ቆዩ። ከመንደሩ ሰው አንዳንዱ ሲያልፍ ሰላም አላት፤ አንዳንዱ ዓይኑን መለሰ። ስለ ቅሉ ትነግራቸዋለች፤ ሁሉንም፣ የወልደ ጊዮርጊስንም ልጆች። ዛሬ ግን ውባለም ጀርባዋ ላይ ተንቀሳቅሳ ጠማኝ አለች።

ቦጋለች ተነሥታ ወደ ፈፋው ወረደች፤ ከአሸዋው ጉድጓድ አንድ ማሰሮ የደፈረሰ ውሃ ቀዳች። ቤት ገብታ ዙሪያዋን አየች። የሚነድ ነገር አልቋል። ከግድግዳው ላይ የዋሴ ሞፈር ተሰቅሏል። አወረደችው።

ፈትለወርቅ ከበሩ ላይ ቆማ ስታያት ደነገጠች። «ሞፈሩን? ዝናቡ መልሶ ቢመጣ በምን ሊታረስልሽ ነው?»

«መጀመሪያ የሚበላው ሰው ይኑር።»

ፈትለወርቅ እጇን በሞፈሩ ላይ አሳለፈች። ሞፈሩ የአባቷ ነበር፤ ከአባቷ ነው ለወንድሟ የወረደው። ከዚያ መጥረቢያውን ከቦጋለች እጅ ወሰደች። «አንቺ ጉልበት የለሽም፤ ልጅቱን ያዢ» አለችና ራሷ ፈለጠችው። እንጨቱ በጭስ የደረቀ፣ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አልያዘም፤ ከያዘ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ነደደ። ውሃው ተንተከተከ። ቦጋለች ካወረደችው በኋላ በጽዋ ቀድታ፣ እፍ እያለች እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች።

ውባለም ጽዋውን አሸተተችና ወደ እናቷ ቀና አለች። «ይሸታል።»

«የጭስ ሽታ ነው» አለቻት ቦጋለች። «ጠጪ።»

ልጅቱ ጠጣች።